ሞተሩ ገብቷል፤ ካቴናውስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ የአንድ ወጣት ፎቶ ከነሞተር ሳይክሉ አውጥታችሁ ነበር። ልጁ ከቻይና ሠራሽ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክሉ ላይ የፋብሪካውን ሞተር አውርዶ በቦታው የሞቶክሮስ (የኮረኮንች ውድድር) ቱ ስትሮክ፣ ማለትም ባለ ሁለት ምት፣ ሞተር ገጥሟል። እናንተም «ድንቅ ፈጠራ» አላችሁት፣ ስንት የፈረስ ጉልበት እንዳገኘ ጻፋችሁ፣ «ሊበረታታ ይገባል» ብላችሁ ዘጋችሁት። ይበረታታ። እኔም አብሬ አጨበጭባለሁ፣ እጁ ይባረክ። ግን ሙያው ላይ ያለ ሰው ያንን ፎቶ ሲያይ ዓይኑ ሞተሩ ላይ አይቆይም። የእኔም ያረፈው ሌላ ቦታ ነው፤ ስለዚያ ደግሞ ጽሑፋችሁ አንድም መስመር የለውም።

የምኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ጋራዥ እሠራለሁ። እንጀራዬ መኪና ነው፣ የምወደው ግን ሞተር ሳይክል ነው። እዚህ የሞተር ማዛወር ሥራ የቆየ ነገር ስለሆነ ብዙ አይቻለሁ፤ ያየሁትን ነው የምጽፍላችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

ከፎቶው ልጀምር። አጉልታችሁ እዩት። ካቴናው፣ የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማ የሚያደርሰው ሰንሰለት፣ ከሞተሩ የፊት ጥርስ ወጥቶ ወደ ኋላ ሲሄድ መሀል ላይ አንድ ነገር ተበይዷል። ቡሎን ነው። ቡሎኑ ላይ ኩሽኔታ (የሚሽከረከር ቀለበት) ተሰክቷል፣ ካቴናው ኩሽኔታው ላይ ተደግፎ ያልፋል። ለምን? ካልተደገፈ ሻንሲውን (የሞተር ሳይክሉን አጽም) እየፋቀ ስለሚሄድ ነዋ። ይሄ ማለት ሞተሩ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፣ ወይም የፊቱና የኋላው ጥርስ አንድ መስመር ላይ አይደሉም፣ ወይም ሁለቱም። ልጁ ችግሩን አይቶታል፣ መላም ፈልጎለታል፣ እንደሱ የሚያስብ ብዙ ሰው የለም። ነገር ግን ያቺ ቡሎን የተያዘችው በትንሽ ብየዳ ነው። ከተነቀለች ካቴናው ይዘላል። የዘለለ ካቴና ወይ የሞተሩን አካል ይሰብራል፣ ወይ ጥርሱ መሀል ተጠቅልሎ የኋላ ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የኋላ ጎማ ሲቆልፍ ምን እንደሚሆን ለናንተ አልነግርም።

የፊት ፍሬኑ ደግሞ ታምቡር ነው፣ ከቸርኬው እምብርት ውስጥ የሚይዘው የድሮው ዓይነት። ፋብሪካው ያንን ታምቡር የገጠመው 10 የፈረስ ጉልበት ገደማ ለሚያወጣ ሞተር ነው። እናንተ አሁን አለው ያላችሁት ከ40 በላይ። አራት እጥፍ! ጉልበቱ አራት እጥፍ ሲያድግ ፍሬኑ ባለበት ቀረ፣ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካም ባለበት፣ ጎማውም ያው ቀጭኑ ጎማ። በዚያ ላይ ቱ ስትሮክ ጋዝ ሲለቁት አይዝም። ባለ አራት ምት የለመደ ሰው ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ይይዘዋል። ቱ ስትሮክ ላይ ያ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ጋዙን ብትለቀውም መንደርደሩን አይተውም። ሥራው ሁሉ የሚወድቀው ፍሬኑ ላይ ነው።

ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ቱቦ) ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ እሱ ነው። ቱ ስትሮክ እንደ መኪና ቫልቭ የለውም። አዲሱ አየርና ቤንዚን የሚገባውም፣ ጭሱ የሚወጣውም ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ነው፤ የሚከፍታቸውም የሚዘጋቸውም ራሱ ፒስተኑ ነው። ችግሩ የጭሱ ቀዳዳ ገና ክፍት እያለ አዲሱ ቤንዚን ጭሱን ተከትሎ ማምለጥ ይጀምራል። የሚመልሰው ማርሚታው ነው። ሆዱ ሰፍቶ መልሶ የሚጠበው ለውበት አይደለም። ጭሱ ሲፈነዳ የሚነሳው የግፊት ሞገድ እስከ ጠባቡ ጫፍ ሄዶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል፣ ፒስተኑ ቀዳዳውን ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ይደርስና የሸሸውን ቤንዚን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሞገዱ በሰዓቱ እንዲደርስ ደግሞ የማርሚታው ርዝመትና የሆዱ ስፋት ለዚያ ሞተር ተሰልቶ የተሠራ ነው።

ይሄን ነገር ለውድድር አብስሎ ያወጣው ዋልተር ካደን የሚባል የምሥራቅ ጀርመን መሐንዲስ ነው፣ በ1950ዎቹ፣ ኤምዜድ የሚባል የሞተር ሳይክል ፋብሪካ ውስጥ። በ1961 የፋብሪካው ተወዳዳሪ ኧርንስት ደግነር ስዊድን ለውድድር እንደሄደ ከድቶ ቀረ። እውቀቱን ይዞ ሱዙኪ ገባ። በ1962 በሱዙኪ የ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የስለላ ፊልም ይመስላል፣ ግን የሆነ ነገር ነው። እንግዲህ አንድ ሰው አገሩን ጥሎ የተሸከመው እውቀት ዋናው ክፍል ይህችው የቆርቆሮ ቱቦ ናት። የእኛ ልጅ ደግሞ ከሻንሲው ሥር አላልፍ ስትለው ሆዷ ላይ ቆርጦ አሳጥሯታል። ብየዳው ዙሪያውን ይታያል። እናንተ የጻፋችሁት የፈረስ ጉልበት የፋብሪካው ቁጥር ነው፤ ማርሚታው ሲቆረጥ ጉልበቱም አብሮ ተቆርጧል። ድምፁ ግን ይጨምራል፣ ለዚህም ይመስለኛል ሰፈሩ ሁሉ «ኃይለኛ ሆነ» ያለው።

እንዴት ይሠራ ታዲያ? አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ፣ በዚህ ሙያ ላይ ያለ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሆንዳ ሲአር500 የሚባል የሞቶክሮስ ሞተር ሳይክል ነበረው። አንድ ሲሊንደር፣ 491 ሲሲ፣ ከ1985 ጀምሮ በውኃ የሚቀዘቅዝ። ዴቭ ቶርፕና ኤሪክ ጌቦርስ በ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን የሆኑት በሆንዳ ላይ ሆነው ነው። ቁልፍ አዙረህ አታስነሳውም፣ በእግርህ ነው የምትረግጠው፣ መልሶ ከመታህ ቁርጭምጭሚትህን አይምርም። ሆንዳ እስከ 2001 ሠርቶ ተወው። እስከ መጨረሻው ሻንሲው ብረት ነበር። በ1997 ግን ሲአር250 የአሉሚኒየም ሻንሲ አግኝቶ ነበርና ሰዎች የ500ውን ሞተር የ250ው ሻንሲ ውስጥ መክተት ጀመሩ። ኢንዲያና ያለ ሰርቪስ ሆንዳ የሚባል ሻጭ ሥራውን አሟልቶ «ሲአር500ኤኤፍ» እያለ ይሸጠው ነበር።

ልብ በሉ፣ ሁለቱም ሆንዳ ናቸው። ሁለቱም ሞቶክሮስ ናቸው። ፍሬኑም ሹካውም ለዚያ ዓይነት ጉልበት የተሠራ ነው። እንደዚያም ሆኖ ሥራው ቀላል አይደለም። የ500ው ሞተር አካሉ ትልቅ ስለሆነ ከሥሩ የሚያልፈው የሻንሲ ክፍል ተቆርጦ መስፋት አለበት፣ መያዣዎቹ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ እንደ አዲስ ይወጣሉ፣ ከዚያ በአርጎን ይበየዳሉ። አሉሚኒየም ደግሞ ጠባዩ ክፉ ነው፤ ብየዳው ራሱ ጠንካራ ሆኖ ከጎኑ ያለው፣ ሙቀቱ የነካው ቦታ ይላላል። ስለዚህ የት መቁረጥ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ከሚበይደው ሰው ይበልጣል።

ጋራዣችን እንዲህ ዓይነት ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገባው የሞተሩ ባዶ አካል ነው። ፒስተን የለው፣ ኮሎ (ፒስተኑ የሚያሽከረክረው ዘንግ) የለው፣ ማርሽ የለው። ገና ብዙ ጊዜ ይገባል ይወጣልና ለምን ወገባችን ይቆረጥ? ብየዳ ማንም አይነካም። ቀጥ ያለ ረጅም ብረት ከኋላው ጥርስ ላይ ተጋድሞ ወደ ፊት ይዘረጋና የፊቱን ጥርስ እንዴት እንደሚነካ ይታያል። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ከጎደለ ሞተሩ ይገፋል፣ ወይ ጥርሱ ላይ ስስ ቀለበት ይገባል። ከዚያ የኋላው ሾክ ሞላ ይወልቃል። አንድ ሰው ጎማውን በእጁ ከታች እስከ ላይ ቀስ እያለ ያነሳዋል፣ ሌላው ጣቱን ካቴናው ላይ አድርጎ ይከተላል። ካቴናው የሚወጠረው የፊቱ ጥርስ፣ የኋላው ሹካ (የኋላ ጎማውን የሚይዘው ክንድ) መታጠፊያና የኋላ ጎማው እምብርት አንድ መስመር ላይ ሲውሉ ነው። እዚያች ነጥብ ላይ ጥቂት ልልነት ካልቀረ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ካቴናው የሞተሩን ኩሽኔታ ይጎትተዋል። የፊቱ ጥርስ ከመታጠፊያው በራቀ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። በብዙ የሞቶክሮስ ሞተሮች የኋላው ሹካ ቡሎን በሞተሩ አካል ውስጥ አልፎ የሚሄደው አንዱም ምክንያት ይሄ ነው፤ ሁለቱ እንዲቀራረቡ። ለዚያ ያልተሠራ ሻንሲ ውስጥ ስታስገባው ያ ቡሎን ቦታ የለውም፣ ሞተሩም ከኋላ የሚያስረውን ዋና ነገር ያጣል።

ሲአር500ን የመሰለ ትልቅ አንድ ሲሊንደር ደግሞ መንቀጥቀጡ አይጣል ነው። ዳዶ ይፈታል፣ ቀጭን ብረት ይሰነጥቃል። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ከሻንሲው ጋር የሚያስረውን ትንሽ መያዣ «ይቅር» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እሱ ከቀረ ታችኞቹ ብየዳዎች ዕድሜያቸው አጭር ነው።

መብራት? የሞቶክሮስ ሞተር ካንዴላውን ከማቀጣጠል ያለፈ ኤሌክትሪክ የለውም፣ ባትሪም አይሞላም። ራዲያተሩም በነፋስ እንጂ በፋን አይቀዘቅዝም፤ መገናኛ ጋ በጭንቅንቅ ውስጥ ቆሞ ይፈላል። ፒስተኑና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ዕድሜያቸው የሚቆጠረው በሰዓት ነው እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለም። ቤንዚኑ ላይ ዘይት ይደባለቃል፣ ብዙ ጊዜ 32 ለ 1፣ ማለትም ለ10 ሊትር ቤንዚን 310 ሚሊ ሊትር ገደማ። ድሮ ቬስፓ የነዱ አባቶች ይሄን ያውቁታል።

ካርቡራተሩ ግን የኛ ሰው በተለይ ሊሰማው የሚገባ ነገር ነው። እዚሁ አጠገባችን ያለችው ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ባሕር ዳርቻ ላይ ካለችው ሎስ አንጀለስ የመጣ ሞተር እዚህ ሲነሳ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ያጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ስለዚህ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ጄት ጠባብ እናደርገዋለን። አዲስ አበባ ከዚህም ከፍ ትላለች፣ ከ2,300 ሜትር በላይ። ጄቱ የበለጠ ይጠባል። እስከዚህ እዳው ገብስ ነው። አሁን ይሄው ልጅ ሞተሩን አዲስ አበባ ላይ አስተካክሎ ጎጃም ዘመድ ጥየቃ ሄደ እንበል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። በወረደ ቁጥር አየሩ ይወፍራል፣ ጄቱ ያው ጠባቡ ነው፣ ስለዚህ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩም ይግላል። ቁልቁለት ነውና ጋዙን ዘግቶታል። ጋዝ ከተዘጋ የሚገባው ቤንዚን በጣም ጥቂት ነው። ዘይቱ ደግሞ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ነው! ፒስተኑ በፍጥነት እየተመላለሰ በቂ ዘይት አያገኝም፣ ግሎ ያብጥና ሲሊንደሩ ላይ ይነክሳል። ከነከሰ የኋላ ጎማው ይቆልፋል፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ ከፊት አይሱዙ ከኋላ ተሳቢ። የድሮ ቱ ስትሮክ ነጂዎች ሁለት ጣታቸውን ከፍሪሲዮን መያዣ ላይ የማያነሱት ለዚህ ነው፤ ቁልቁለት ላይም አልፎ አልፎ ፍሪሲዮን ይዘው ጋዝ ሰጥተው ዘይት ያጠጡታል። ይሄን ለልጁ የነገረው ሰው ይኖር ይሆን? በጽሑፋችሁ ላይ እንደተባለው ከሆነ «ረጅም ጉዞ» እያቀደ ነው።

ጽሑፋችሁን ያነበበው የእህቴ ልጅ ሳምንት ሳይሞላ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ አንድ የሲአር500 ሞተር በሰው ላክልኝ።» ሞተር በሰው! የማን ሻንጣ ውስጥ? ሻንሲው ምንድን ነው አልኩት። ያው 125። ፍሬኑስ? «እሱ ቀስ ብሎ ይደርሳል።» የናንተ ጽሑፍ ያስተማረው ይሄን ነው፤ መጀመሪያ ሞተር፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል። እኔ ያልኩት ሌላ ነው። ቱ ስትሮክ ካማረህ ለመስክ ሥራ አገር ቤት ከገቡት ከነያማሃ ዲቲ ወይም ኤጂ100 አንድ አሮጌ ፈልግ። ሞተርና ሻንሲው የተገናኘ ነው፣ መብራት አለው፣ ዘይቱን የሚያጠጣ የራሱ ፖምፓ አለው። እሱን ፈታው፣ ፋሻውን ቀይር፣ ጓርኒሲዮኑን (በስፌቶቹ መሀል የሚገባውን) ቀይር፣ የማርሚታውን ካርቦን አውጣ፣ መልሰህ ግጠመው። ሲሊንደሩንና ኮሎ ቤቱን ደፍነህ ትንሽ አየር ንፋበት፣ ግፊቱ ካልወረደ አየር የሚሰርቅበት ቦታ የለም ማለት ነው፤ ሳቡን ውኃ በስፌቶቹ ላይ ቀባና አረፋ ፈልግ። ይሄን የሠራ ልጅ ሌላ ሞተር ሌላ ሻንሲ ውስጥ ሊያስገባ ቢነሳ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። ተኮሳትሮ ዘጋብኝ፣ ግን ያስብበታል።

ሌላም ያልጠየቃችሁት ነገር አለ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥርም የሻንሲ ቁጥርም ተጽፏል። ሞተሩ ተቀይሯል። ትራፊክ አስቁሞ ቁጥሩን ቢያመሳክር ልጁ ምን ይላል? ዓመታዊ ምርመራውን እንዴት ሊያልፍ ነው? አደጋ ቢደርስ የሦስተኛ ወገን መድኑስ በየትኛው ሞተር ነው የሚከፍለው? አዲስ አበባ (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) በ2011 ዓ.ም. በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ከጣለች ወዲህ ይሄ ዝም ብሎ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። እኔ እዚህ ሆኜ ደንቡን ላስተምራችሁ አልፈልግም፤ እናንተ ግን ጋዜጠኞች ናችሁ፣ መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ በራችሁ ላይ ነው። ለልጁ ሕጋዊ መንገድ ካለ አጣርታችሁ ብትጽፉለት ከአሥር «ይበረታታ» ይበልጥለት ነበር።

አንዳንድ አንባቢ «ይሄ ሰውዬ ውጭ ተቀምጦ የአገር ልጅ ያጣጥላል» ሊለኝ እንደሚችል አውቃለሁ። ይበል። እኔን ያበሳጨኝ ልጁ አይደለም። በመዶሻና በትራንስፎርመር ብየዳ እዚያ ድረስ መድረሱ ራሱ ጉድ ነው፣ እዚህ ሙሉ ዕቃ እጃቸው ላይ ያለ ሰዎች ጀምረው ጋራዥ ጥግ የጣሉትን ስንቱን አይቻለሁ። ያበሳጨኝ ጋዜጣው እንደ ተአምር አድርጎ መጻፉ ነው። ተአምር ካላችሁት ማንም አይጠይቀውም፣ ማንም ካልጠየቀው ደግሞ ማንም አይረዳውም። ስፖርት ገጻችሁ ላይ ስለ አንድ ጎል ግማሽ ገጽ ትተነትናላችሁ። የአንድን ልጅ ብየዳ ለመተንተን አንድ የቶርኖ ባለሙያ መጥራት ምን ያህል ይከብዳል?

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የዲስክ ፍሬን ያለው የፊት ሹካ ከነቸርኬው ከወደቀ ሞተር ሳይክል ላይ ወልቆ ጋራዣችን ተቀምጧል፣ ደህና ነው፣ ቀጥ ያለ ነው። ልጁ ከፈለገው እልክለታለሁ፣ የማጓጓዣውንም እኔ እችላለሁ። ማርሚታውንም በሞተሩ ሞዴልና ዓመት ፈልጌ ልኩን እነግረዋለሁ፣ አዲስ አበባ ላይ ከላሜራ የሚያወጣለት ሰው አያጣም። ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ልኬያለሁ። ከመደወሉ በፊት ግን የመሪውን አንገት ፈትቶ የላይኛውንና የታችኛውን ኩሽኔታ የውስጥና የውጭ ስፋት፣ የአንገቱንም ቁመት በካሊበር ለክቶ ይያዝ፤ በማስመሪያ አይሆንም፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከተሳሳተ ሹካው አይገባም።

አክባሪያችሁ፣
የጋራዥ ሠራተኛው አንባቢያችሁ
ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ